ስለ ጓያ እህልና ስለ ራጅ ጨረር

ጓያ ከጥራጥሬ ወገን ሲሆን ስሙ በደግም በክፉም የሚነሣ እህል ነው። ቀድሞ ወጀት ይባል ከነበረው ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ በቀዩ አፈር ላይ በቆሎውንና በርበሬውን ያያል፤ ያ አገር በነዚህ የታወቀ ነውና። ጓያ ግን የዋልካ መሬት እህል ነው። ውሃ በሚተኛበት፥ በክረምት ሞፈር በማይገባበት ጥቍር አፈር ላይ፥ ዝናሙ ሊያባራ ሲል በጭቃው ላይ ይዘራል። ከዚያም ወዲህ ከገበሬው ብዙ አይጠይቅም፤ አፈሩ በያዘው ርጥበት ብቻ ይበቅላል፥ ያብባል፥ ያፈራል። ጎርፍ ቢተኛበት ቶሎ አይሞትም፤ ድርቅ ቢመጣም ሌላው አዝመራ ሁሉ ሲጠወልግ እርሱ ይቆማል። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ ድሀ በክፉ ቀን የሚታመንበት እህል ሆኖ ኖሯል።

ዳሩ ግን ይኸው ነፍስ የሚያድን እህል እግር ይወስዳል። ሰው ጓያን ከሌላ እህል ጋራ ቀላቅሎ ወይም አልፎ አልፎ ቢበላው የሚታይ ጉዳት የለበትም፤ ሽሮው በብዙ ቤት ይበላል። ክፋቱ የሚገለጠው ሌላ እህል በጠፋበት ዓመት ነው። ሁለት ሦስት ወር ያህል ጧትና ማታ ጓያ ብቻ የበላ ሰው፥ አንድ ቀን በደኅና አድሮ ሲነሣ ወይም ከከባድ ሥራ ሲመለስ ጕልበቱ ይከዳዋል። የእግሩ ጅማት ይገተራል፤ በጣቱ ጫፍ ይቆማል፤ ሲራመድም እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ሐኪሞች በሽተኞቹን በደረጃ ሲከፍሉ መለኪያ ያደረጉት በትርን ነው፤ ይኸውም ያለ በትር የሚሄድ፥ በአንድ በትር የሚሄድ፥ በሁለት በትር የሚሄድ፥ በመጨረሻም በመሬት ላይ የሚድህ እያሉ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ወጣቶችንና ጐልማሶችን፥ ይልቁንም ወንዶችን አብዝቶ መያዙ ነው፤ ጐተራው በጐደለበት ዓመት ለቤቱ የሚያርሰውን ሰው ይጥላል ማለት ነው። አእምሮን አይነካም፥ ዕድሜንም አያሳጥርም፤ አንድ ጊዜ ከያዘ በኋላ ግን የሚመልሰው መድኀኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ባላገሩ የበሽታውን ምክንያት በየፊናው ሲናገር ኖሯል። አንዱ ጓያው ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው ይላል፤ ሌላው በገለባው ላይ መራመድ ነው ይላል። ይህን ሰምቶ የሚስቅ የከተማ ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን ሳቁ ተገቢ አይደለም። ባላገሩ ክፉው ከጓያ እንደሚመጣ አስቀድሞ ዐውቋል፤ የሳተው በምን በር እንደሚገባ ብቻ ነው። ይህንንም በር ለማግኘት የተማሩት ሰዎች ራሳቸው ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል።

በአገራችን ስለዚህ ነገር ከደከሙት ሊቃውንት መካከል ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ይገኛሉ። እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው በደምቢያና በፎገራ ገጠር ያለውን በሽተኛ መርምረው ያገኙትን በ1990 ዓ.ም. አሳተሙ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው)። በዚያው በ1990ዎቹ ዓመታት በወሎ በደላንታ ዳውንት ድርቅ ሆኖ ሕዝቡ በጓያ ላይ በወደቀ ጊዜ በሽታው እንደ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንም ከነፕሮፌሰር ረዳ ጋራ ሆነው ይህን በ1999 ለዓለም ሐኪሞች አስታወቁ። ኋላም የምግቡን አሠራር ሲመረምሩ፥ ጓያን በቆሎ፥ በንፍሮና በእሸት የበላ ሰው ይበልጥ እንደሚጐዳ፥ በእንጀራና በወጥ የበላው ግን ያን ያህል እንደማይጐዳ፥ ሌላ እህል መቀላቀልና ቅመም ያለበት ወጥ መጨመርም አደጋውን እንደሚቀንስ አገኙ። ሴቶቻችን በየማድቤቱ የሚያደርጉት መቀላቀልና ማቡካት ያለ ጥቅም እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል። ነገር ግን ሌላ እህል በሌለበት ቤት ጓያን ከምን ጋራ ቀላቅሉ ይባላል? ምክሩ መልካም ሆኖ ሳለ ከሁሉ አብልጦ ለሚያስፈልገው ሰው የማይደርሰው በዚህ ነው።

መርዙ ራሱ የተገኘው በ1964 በሕንድ አገር ነው። ሕንዶችም እንደኛ ጓያን የሚዘሩ፥ እንደኛም የሚሽመደመዱ ሕዝብ ናቸውና የአገራቸው ሊቃውንት ፍሬውን ፈጭተው፥ አጥልለው፥ ለይተው አንድ ትንሽ ንጥረ ነገር አወጡ። ስሙ ረዥም ስለ ሆነ በአጭር ቃል ኦዳፕ ይሉታል። በሰው አንጎልና በአከርካሪ ውስጥ ነርቭ ለነርቭ መልእክት የሚያስተላልፍበት ግሉታሜት የሚባል ነገር አለ፤ ኦዳፕ ይህን መልእክተኛ ይመስላል። በሐሰት ማኅተም እንደ ገባ ሰው በነርቩ ደጃፍ ቆሞ ያለ ልክ ይቀሰቅሰዋል፤ እግርን የሚያዝዙት ነርቮችም በዚህ ይጐዳሉ።

እንግዲህ መርዙ ከታወቀ፥ ቀጥሎ የሚጠየቀው በፍሬው ውስጥ ማን ይሠራዋል የሚለው ነው። ሕይወት ባለው ነገር ሁሉ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲን ማለት ለሰውነት ግንባታ ይጠቅማል ተብሎ በትምህርት ቤት የሚነገረው ምግብ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ዶቃዎች የተሰካ ረዥም ክር ሆኖ፥ ክሩም በራሱ ሥርዓት ተጠቅልሎ አንድ ቅርጽ የያዘ መሣሪያ ነው። ማጭድ ለማጨድ፥ ወንፊትም ለመንፋት የሚሆኑት በቅርጻቸው እንደ ሆነ፥ ፕሮቲንም ሥራውን የሚሠራው በቅርጹ ነው። በጓያ ውስጥም ሁለት ነገሮችን ይዞ አንድ ላይ የሚያጋጥምና ኦዳፕን የሚያወጣ አንድ ሠራተኛ ፕሮቲን እንዳለ በ1960ዎቹ ዓመታት ታውቆ ነበር። ሥራው ታየ፥ ሠራተኛው ግን አልታየም፤ ከ50 ዓመት በላይም ተሰውሮ ቈየ።

የተሰወረበትም ምክንያት ዓይን ስለ ደከመ ብቻ አይደለም። ብርሃን እንደ ባሕር ሞገድ ያለ ነገር ነው፤ ዓይናችን የሚያየው የብርሃን ሞገድም ከአንድ አቶም ስፋት በብዙ ሺህ እጅ ይረዝማል። ትልቅ ሞገድ በትንሽ ጠጠር ላይ ቢያልፍ ጠጠሩ መኖሩን እንደማያሳይ፥ እንዲሁ ማጉያ መስተዋት ምንም ቢበረታ በዚህ ብርሃን አቶምን ለይቶ ማሳየት አይችልም። ስለዚህ ሞገዱ አጭር የሆነ ሌላ ብርሃን ያስፈልግ ነበር። እርሱም በ1895 ሮንትገን የተባለው የጀርመን ሊቅ ያገኘው፥ በሐኪም ቤት የተሰበረ አጥንት የሚታይበት፥ እኛ ራጅ የምንለው ጨረር ነው። የዚህ ጨረር ሞገድ ከአቶም ስፋት ጋራ ይተካከላል።

በ1912 ማክስ ፎን ላውዌ የተባለው ሌላው የጀርመን ሊቅ ራጅ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ የነጠብጣብ ሥዕል እንደሚጥል አሳየ፤ በማግሥቱም ዓመት ብራግ የሚባሉት እንግሊዛውያን አባትና ልጅ ከነጠብጣቡ ተነሥተው በጨው ውስጥ አቶሞቹ እንዴት እንደ ተሰለፉ አነበቡ። ክሪስታል ማለት አቶሞቹ ወይም ሞለኪውሎቹ ተራቸውን ጠብቀው በረድፍ የቆሙበት ነገር ነው፤ የጨው ፍሬ በማጉያ መስተዋት ቢታይ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ሆኖ የሚገኘው ስለዚህ ነው። አንድ ሰው ብቻውን በሹክሹክታ ቢናገር ከሩቅ አይሰማም፤ እልፍ ሰው አንዱን ቃል ባንድ ጊዜ ቢያሾከሹክ ግን ይሰማል። ክሪስታል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የአንዱ ሞለኪውል ድምፅ ደካማ ስለ ሆነ፥ ብዙዎቹ በአንድ አቋቋም ቆመው በኅብረት እንዲናገሩ ማድረግ ግድ ይሆናል።

ጨው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ዓይነት አቶም ብቻ እየተፈራረቀ የሚቆምበት አጭር ቤት ነው። ፕሮቲን ግን መወድስ ነው፤ በሺህ የሚቈጠሩ አቶሞች ያሉበት፥ ተጠምዝዞ የሚሄድ፥ መጀመሪያው ከመጨረሻው የሚጠላለፍ ነው። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት ፕሮቲን ክሪስታል ይሆናል ብለው እንኳ አላሰቡም ነበር። ይህን አሳብ ያፈረሰው ጄምስ ሰምነር የተባለው አሜሪካዊ ነው። ሰምነር በ17 ዓመቱ በአደን ላይ ግራ እጁን ያጣ ሰው ነበር፤ መምህራኑም በአንድ እጅ ኬሚስትሪ አይሠራም ብለው መክረውት ነበር። እርሱ ግን ከ1917 ጀምሮ 9 ዓመት ያህል ደክሞ በ1926 ዩሬየዝ የሚባለውን ሠራተኛ ፕሮቲን በክሪስታል አወጣው። ያወጣውም ከአደንጓሬ መሰል ባቄላ ነው፤ ከጓያ ጋራ በአንድ የጥራጥሬ ወገን ከሚቈጠር ፍሬ ማለት ነው። ታላላቆቹ የጀርመን ሊቃውንት ለብዙ ጊዜ አላመኑትም፤ በ1946 ግን የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ከዚያ በኋላ በ1934 በርናልና ዶሮቲ ሆጅኪን የፕሮቲን ክሪስታል ሲደርቅ እንደሚበላሽ ተረድተው፥ ከገዛ ፈሳሹ ሳይለዩት በራጅ አነሡትና ጥሩ ሥዕል አገኙ። ሆጅኪን በካይሮ የተወለደች ሴት ናት፤ በወጣትነቷ የመገጣጠሚያ በሽታ ይዟት ጣቶቿ ቢቈላመሙም ኢንሱሊን የሚባለውን ፕሮቲን በ1935 በራጅ ማንሣት ጀምራ ቅርጹን የፈታችው በ1969 ነው። 34 ዓመት ማለት ነው። ማክስ ፔሩትስም በቪየና ተወልዶ ወደ ካምብሪጅ የመጣ ስደተኛ ነበር። ደምን ቀይ የሚያደርገውን ሄሞግሎቢን በ1937 ጀመረ፤ በመካከሉ ጦርነት ተነሥቶ የጠላት አገር ሰው ነህ ተብሎ ታስሮ እስከ ካናዳ ተወሰደ፤ ተመልሶም ሥራውን ቀጠለ፤ ቅርጹን ያየውም በ1959 ነው። ባልንጀራው ኬንድሩ ታናሹን ፕሮቲን ማዮግሎቢንን በ1958 ስለ ቀደመ፥ በ1962 ሁለቱ አብረው ተሸለሙ። በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ ለመቀኘት ዓመት ከዓመት የተቀመጠ ሰው የነዚህን ሰዎች ትዕግሥት ያለ አስተርጓሚ ያስተውለዋል።

ይህን ሁሉ ዘመን የፈጀው ምንድን ነው ለሚል ሰው፥ በፍኖተ ሰላም በአንድ የቅኔ መምህርና በቀድሞ ተማሪያቸው መካከል የሆነው ጨዋታ ይበቃል። ተማሪው በልጅነቱ ከእርሳቸው ዘንድ ቅኔ ተምሮ፥ ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ሄዶ የኬሚስትሪ መምህር የሆነ ነው። አንድ ቀን ሊጠይቃቸው መጥቶ ሳለ ይህ ወሬ ተነሣ።

«የኔታ፥» አለ፤ «ከክሪስታሉ የሚመጣው ሥዕል የነጠብጣብ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ነጠብጣብ ብርታት ይለካል። ሞገዱ ግን መቼ እንደ ተነሣና መቼ እንደ ወደቀ ወረቀቱ አይነግረንም። ይህ ከጠፋ ደግሞ ቅርጹ አይነበብም።»

የኔታ ጥቂት ዝም ብለው አሰቡና «እንዲህ ከሆነማ፥» አሉ፤ «ማኅሌት የቆሙ ሰዎች ጸናጽል ሲመቱ፥ የእያንዳንዱ ምት ምን ያህል እንደ በረታ ተጽፎልህ፥ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደ መታ ሳይጻፍልህ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ ወረቀት ዜማውን መልሰህ ልታቆመው ትችላለህን?»

«አልችልም፥ የኔታ።»

«ታዲያ እነዚያ ሰዎች እንዴት ቻሉ?»

«ፔሩትስ በ1953 ያገኘው ብልሃት ይህ ነው። ከፕሮቲኑ ውስጥ እንደ ሜርኩሪ ያለ ከባድ አቶም አስገባ። የቀረው ሁሉ እንደ ነበረ ሆኖ አንድ ብርቱ ነገር ብቻ ተጨመረ። ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉትን ሥዕሎች ሲያስተያይ፥ የትኛው ነጠብጣብ እንደ በረታ፥ የትኛው እንደ ደከመ አየ።»

«ገባኝ፤» አሉ የኔታ። «ከማኅበሩ መካከል አንድ ከበሮ ጨመረ። ከከበሮው ጋራ ባንድነት የመታው ጸናጽል ድምፁ ይበረታል፥ ከከበሮው የተፋለሰው ይጠፋል። የከበሮውን ቦታ ካወቅህ የሌላውንም ታውቃለህ።»

መምህሩ ይህን በመጻሕፍቱ ከተማረው ይልቅ ግልጥ ሆኖ እንዳገኘው ኋላ ለባልንጀሮቹ ነግሯል፤ እውነትም ነው፥ ነገሩ በትክክል እንዲሁ ነው።

የኔታ ስለ ጓያ የጠየቁት ግን ለጨዋታ አልነበረም። በወጣትነታቸው እርሳቸውና አንድ የሸዋ ሰው የሆነ ባልንጀራቸው አኩፋዳ አንግበው በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ከቅኔ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ይሄዱ ነበር። በአንድ የችግር ዓመት ባላገሩ ለተማሪ የሚሰጠው ነገር አጥቶ ከጓያ በቀር አልነበረውም፤ እርሱንም አልነፈገም፤ ንፍሮና ቆሎ አድርጎ ይሰጣቸው ነበር። የኔታ በዚያው ሰሞን ዘመድ ሞቶባቸው ወደ አገራቸው ሄዱ፤ ባልንጀራቸው ቀረ። ሲመለሱ በአንድ በትር ተመርኵዞ አገኙት። በዓመቱ በሁለት በትር ሆነ። ቅኔውን ግን አልተወም፤ አእምሮው እንደ ምላጭ ነበርና ተቀምጦ እየተቀኘ፥ ተቀምጦ እያስተማረ ሸመገለ። በበዓል ቀን ሌሎቹ ማኅሌት ሲቆሙ እርሱ በግድግዳው ሥር ተቀምጦ በእጁ ብቻ ምቱን ይከተል ነበር። የሸዋውን ሰው ያስቀመጠው ጓያ ለምን እኔን እንዳልነካኝ ዕለቱን ብቻ ነው የማውቀው፥ ይላሉ የኔታ፤ ከዚህ በላይ ስለዚህ ነገር ብዙ አይናገሩም።

ፔሩትስ 22 ዓመት የደከመበት ሥራ ዛሬ ከብዙ ጊዜ በጥቂት ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም በጥቂት ቀናት ይፈጸማል። ይህን ያመጡት አዳዲስ መሣሪያዎች ናቸው። አንደኛው ሲንክሮትሮን የሚባለው ነው። ሲንክሮትሮን እንደ ትልቅ አውድማ የተከበበ ቀለበት ነው፤ በውስጡም ኤሌክትሮኖች ወደ ብርሃን ፍጥነት እየተጠጉ ይዞራሉ። የዞረው ነገር በታጠፈ ቍጥር ጨረር ይረጫል፤ ይህም ከቀድሞው የራጅ ቱቦ እጅግ የበለጠ ብርቱ ነው። ለፕሮቲን ሥራ መዋል የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። ብርታቱ ግን ሌላ ችግር አመጣ፤ ጨረሩ ክሪስታሉን ማቃጠል ጀመረ። ስለዚህ ክሪስታሉን በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች እስከ 173 ዲግሪ ያህል አቀዝቅዞ ማንሣት ተለመደ፤ ቅዝቃዜው ጥፋቱን ያዘገየዋልና።

ከዚህም የሚያስደንቅ ሌላ አለ። በ2009 በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ አጠገብ የራጅ ሌዘር ሥራ ጀመረ። የዚህ ብርሃን አንዱ ብልጭታ ከአንድ ሴኮንድ ሚሊዮን ጊዜ ተከፍሎ፥ አንዱ ክፍል እንደ ገና ቢሊዮን ጊዜ ቢከፈል ከሚገኘው በአሥር በሚቈጠር እጥፍ ያህል ብቻ ይቈያል። ክሪስታሎቹ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሆነው በፈሳሽ ጅረት ውስጥ እየፈሰሱ ከብልጭታው ጋራ ይገናኛሉ። ብርሃኑ ያገኘውን ክሪስታል ያወድመዋል፤ ነገር ግን ሥዕሉ የሚነሣው ከመውደሙ አስቀድሞ ነው። ሄንሪ ቻፕማንና ባልንጀሮቹ ይህ እንደሚሆን በ2011 ያሳዩት ቅጠል የፀሐይን ብርሃን ከሚቀበልባቸው ፕሮቲኖች በአንዱ ነው። ትልቅ ክሪስታል ለማብቀል ዓመታት መድከም የነበረበት ሰው በዚህ ተገላግሏል።

በኤሌክትሮን የሚያየው ማጉያም በበረዶ የያዘውን ፕሮቲን ያለ ክሪስታል ማሳየት ጀምሮ በ2017 ተሸልሟል። በ2020 ደግሞ አልፋፎልድ የተባለ የኮምፒዩተር ብልሃት የዶቃዎቹን ተራ ብቻ አይቶ ቅርጹን ሊተነብይ እንደሚችል ታየ፤ ሠሪዎቹ ሃሳቢስና ጃምፐር ከዴቪድ ቤከር ጋራ በ2024 የኖቤል ሽልማት አገኙ። እንግዲህ ራጅ ቀረ የሚል ሰው አለ፤ ፈጥኖ ተናገረ። ኮምፒዩተሩ የተማረው በራጅ ከተነበቡት እጅግ ብዙ ቅርጾች ነው፤ ብዙ ቅኔ ሰምቶ ቅኔ የሚገምት ተማሪ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ይገጥምለታል፤ ሲስት ግን ስሕተቱን የሚነግረው ዞሮ የተነሣው ሥዕል ነው።

የጓያው ሠራተኛ ፕሮቲን የተገኘው በ2022 ነው። በእስራኤል አገር በቫይዝማን ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋራ ሆነው የትኛው ፕሮቲን እንደ ሆነ ለይተው፥ ቅርጹን አንብበው አሳተሙት። ቦስ ብለውታል። ቅርጹ እንደ ወገኖቹ ሁሉ ሁለት ክንፍ አለው፤ በሁለቱ ክንፎች መካከልም ከወዲያ ወዲህ የሚያሳልፍ ጠባብ መሿለኪያ አለ። በመሿለኪያው በአንዱ አፍ አንዱ ንጥረ ነገር ይገባል፥ በሌላውም አፍ ሌላው፤ በመካከሉ ሲገናኙ ይጋጠሙና ኦዳፕ ይሆናሉ። ሁለቱ ንጥረ ነገሮች በመሿለኪያው ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጡ የተገመተው በኮምፒዩተር ነው፤ ይህን ለይቶ መናገር ይገባል። ተመራማሪዎቹ በዚህ ሳያበቁ ፕሮቲኑን በትንባሆ ቅጠል ውስጥ እንዲሠራ አድርገው፥ የሚጋጠሙትን ነገሮች ቢሰጡት መርዝ በማያውቀው ቅጠል ውስጥ ኦዳፕ እንደሚያወጣ አሳዩ። ሠራተኛው እርሱ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ይህ ለጐጃም ገበሬ ምን ይረባዋል? ከዚህ ቀደም መርዙ ያነሰ ዘር የሚፈለገው በማዳቀልና በመምረጥ ነበር፤ በአገራችንም በ2006 ዋሴ የተባለ መርዙ ያነሰ የጓያ ዘር ለገበሬ ወጥቷል። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን የኦዳፕ መጠን በዘሩ ብቻ አይወሰንም፤ እንደ አፈሩና እንደ አየሩ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ድርቅ ሲበረታም ሊጨምር ይችላል። ክፋቱ የሚበዛው ሰው በጓያ ላይ ብቻ በሚወድቅበት በዚያው ዓመት ነው ማለት ነው። ሠራተኛው ፕሮቲን ከታወቀ ወዲህ ግን መርዙን ከመቀነስ አልፎ፥ ያ ፕሮቲን ጨርሶ የማይሠራበትን ዘር ለማውጣት መንገዱ ተከፍቷል። ቅርጹም የትኛው ክፍል ቢነካ ሥራው እንደሚቆም ያመለክታል።

በዚህ ነገር ላይ አንድ ቅር የሚያሰኝ አለ። ጓያን የምንበላው እኛና ሕንዶች ባንግላዴሾችም ነን፤ ቅርጹ የተነበበው ግን ጓያ ዕለታዊ ምግብ ባልሆነበት አገር ነው። ይህን ማለት ያነበቡትን ለመንቀፍ አይደለም፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን በአፍሪካ ምድር ላይ ዛሬም አንድ ሲንክሮትሮን የለም። ቅርብ የሚባለው በ2017 በዮርዳኖስ አገር የተከፈተው ሰሰሚ ነው፤ ከአፍሪካ አባል የሆነችበትም ግብፅ ናት። የእኛ አገር ተማሪ የገዛ እህሉን ፕሮቲን በክሪስታል ቢያበቅል እንኳ፥ ለማንሣት ማመልከቻ ጽፎ፥ በሰው አገር ቀለበት ተራ ተሰጥቶት፥ ክሪስታሉን በበረዶ ጠቅልሎ መላክ አለበት። እህሉን ከነጠባዩ የሚያውቀው፥ የትኛው ማሳ ሰው እንደ ጣለ፥ የትኛው እንዳልጣለ የሚናገረው ግን እዚህ ነው። ዕውቀቱ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ተቀምጧል።

አንድ መልካም ነገር ደግሞ አለ። በ1971 በ7 ቅርጾች የተጀመረ የፕሮቲን ቅርጾች ግምጃ ቤት ዛሬ ከ200,000 በላይ ይዟል፤ ከዚያም ማንም ሰው በየትም አገር ሆኖ ያለ ዋጋ መመልከት ይችላል። የኬሚስትሪው መምህር ከዚህ ግምጃ ቤት አንድ የቦስን ዘመድ ቅርጽ በስልኩ አውጥቶ ለየኔታ አሳያቸው። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ረዥም ጊዜ ተመለከቱት፤ መምህሩም በጣቱ እያዞረ ሁለቱን ክንፎች፥ ከዚያም መሿለኪያውን አመለከታቸው።

«በየትኛው አፍ ነው ክፉው የሚገባው?» አሉ።

«ብቻውን የሚገባ ክፉ የለም፥ የኔታ። ሁለቱም ለየብቻቸው በተክሉ ውስጥ ያሉ ነገሮች ናቸው። መርዝ የሚሆኑት ከዚህ ሲጋጠሙ ነው።»

«ይህን ቢዘጉት ጓያው ይኖራልን? ምናልባት ድርቁንና ጎርፉን የሚችለው በዚሁ መርዝ ረዳትነት እንደ ሆነስ? መርዙን ያጣ ጓያ በክፉው ዓመት አብሮ ከጠወለገ፥ ድሀው የሚበላው አጥቶ ይሞታል።»

መምህሩ ይህ ጥያቄ የተመራማሪዎቹም ጥያቄ እንደ ሆነ፥ በወረቀት ላይ እንደማይመለስና ዘሩን በዋልካ ላይ ዘርቶ፥ አንድ ደግ ዓመትና አንድ ክፉ ዓመት አሳልፎ ማየት እንደሚያስፈልግ ነገራቸው። የኔታም የሚዘራው መቼ እንደ ሆነ ጠየቁት፤ እርሱም ጓያ ሁልጊዜ እንደሚዘራበት በመስከረም ነው አላቸው።